ለኮሌጅ የአበባ ውድድር 98 ቀን ቀረን፤ ምን ተክለን ምን እንሽጥ?

ጠያቂ፦ ሁለተኛ ዓመት ሆርቲካልቸር

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ደጋ ከተማ ውስጥ የምማር የሆርቲካልቸር (የአትክልትና የአበባ ልማት) ተማሪ ነኝ። ትምህርት ክፍላችን በየዓመቱ በቡድን ያወዳድረናል። አምስት ሆነን የግሪን ሃውሱ አንድ ጥግ ተሰጥቶናል። ሥር ያወጡ 40 የፖይንሴቲያ ከቲንጎች፣ ማለትም ከእናት ተክል የተቆረጡ ቁራጮች (ፖይንሴቲያ ያቺ በገና ሰሞን ላይኛው ቅጠሏ የምትቀላው ናት) እና 6,000 ብር መነሻ ሰጥተውናል። ሌላውን የምንመርጠው ራሳችን ነን።

ዛሬ መስከረም 12 ነው። የሽያጩ ቀን ታኅሣሥ 20። ነጥቡ የሚሰጠው ለተክሉ ጥራት 40፣ ለሽያጭ 30፣ ለሒሳብ አያያዝ 30 ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ከፖይንሴቲያ ሌላ ምን ብንጨምር ይሸጣል? ዋጋ እንዴት እናውጣ? አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገርም አለ። አምና የአንድ ቡድን ፖይንሴቲያ ግማሹ ቀላ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ማዳበሪያ አንሶት ነው ተባለ። ግን እኔ ያየሁት አረንጓዴ የቀሩት በግድግዳው በኩል ያሉት ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ ያ ጥግ የደረሰው ለእኛ ነው።

መልስ፦ የባቱ ግሪን ሃውስ ሠራተኛ

እህቴ፣ ግድግዳው ላይ የጥበቃ መብራት አለ?

ጠያቂ

አዎ! ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። በፕላስቲኩ አልፎ የእኛ መደብ ላይ ይወርዳል።

መልስ፦ የባቱ ግሪን ሃውስ ሠራተኛ

እንግዲያው ማዳበሪያው ምንም አላጠፋም። ፖይንሴቲያ የምትቀላው ሌሊቱ ሲረዝምላት ነው። ጨለማው መሀል ላይ ብርሃን ከገባባት ሌሊቱ አጭር ነው ብላ ቅጠል ማውጣቷን ትቀጥላለች። በእኛ አገር ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ በራሱ ይበቃታል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ በየአጥሩ ያለችው ማንም ሳይነካት ገና ሲደርስ የምትቀላው። የእናንተን ያበላሸባችሁ መብራቱ ነው።

እንዲህ አድርጉ። እስከ መስከረም መጨረሻ መብራቱን አትንኩት፤ እንዲያውም ጥቂት ቅርንጫፍ እንድታወጣ ይረዳችኋል። ከጥቅምት 1 ጀምሮ ግን ማታ 12 ሰዓት ላይ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግለጡ። 14 ሰዓት ሙሉ ጨለማ ማለት ነው። ፕላስቲኩ ቅጠሉን እንዳይነካ በሽቦ ወይም በቀርከሃ ቅስት ሥሩ። አንድ ቀን እንኳ አትዝለሉ። የሞባይል መብራት ይዞ ገብቶ ማየትም ክልክል ነው። ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ትፈልጋለች፣ ስለዚህ ታኅሣሥ 11 አካባቢ መልኳ ይሞላል። ለታኅሣሥ 20 በደንብ ትደርሳላችሁ።

አናቷን የምትቆነጥጡት ደግሞ አሁን፣ በዚህ ሳምንት ነው። አምስት ወይም ስድስት ቅጠል አስቀርታችሁ ጫፏን ቁረጡ። ከቆያችሁ አዲሶቹ ቅርንጫፎች አጫጭር ሆነው ይቀራሉ። የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትንኩ።

መልስ፦ ጋሽ ችግኝ (ችግኝ ሻጭ፣ አዲስ አበባ)

ልጄ፣ 20 ዓመት በላይ መንገድ ዳር ችግኝ ሸጫለሁ። የማየው ስህተት ሁሌ አንድ ነው። ልጆች የሚወዱትን ይተክላሉ፣ ከዚያ ለበዓል ሳይደርስ ይቀራል። እናንተ ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ተክል አንድ ወረቀት፣ ታኅሣሥ 20 ከላይ፣ የሚዘራበት ቀን ከታች።

ሜሪጎልድ ከዘር እስከ አበባ በሞቃት ቦታ ሁለት ወር አይሞላውም። እናንተ ደጋ ስለሆናችሁ ሁለት ሳምንት ጨምሩ፤ መስከረም 25 አካባቢ ዝሩ። ዛሬ ብትዘሩ አበባው ኅዳር ላይ ፈክቶ ለሽያጭ ሲደርስ ያረጃል።

ጄራኒየም በከቲንግ ዛሬ ጀምሩ። የእናቶች በረንዳ አበባ ነው፤ ሳይሸጥ ቀርቶ አያውቅም።

የእኔ ትልቁ ምክር ግን የጥብስ ቅጠል ነው። ሽያጩ ለገና ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ሰው ሁሉ ሥጋ እያሰበ ነው። በትንሽ ፖት የተተከለ የጥብስ ቅጠል ገዥው እጁ ላይ ሲያሸተው አይመለስም። ቁራጩ ሥር ለማውጣት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ነገ ቁረጡ። የዘንድሮውን ለስላሳ ጫፍ፣ አንድ ጣት ያህል፤ የታችኛውን ቅጠል ገፍፋችሁ አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ሰኩት። ጤና አዳምም ጥቂት ጨምሩ። ለቡና የሚፈልገው ብዙ ነው።

አፈሩ፦ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። ኮምፖስቱ ሽታ ካለው አልበሰለም፣ ተዉት።

ጠያቂ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጥብስ ቅጠል ፈጽሞ አላሰብንም ነበር። ሁሉም ቡድን አበባ ብቻ ነው የሚያወራው። ሌሊት ላይ ግን በጣም ይበርዳል። ኅዳር ላይ ውጭ ውርጭ ይጥላል። ፖይንሴቲያው ይችለዋል?

መልስ፦ የባቱ ግሪን ሃውስ ሠራተኛ

ብርድ አትወድም። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቷ ይዘገያል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የጎን መጋረጃውን ዝጉ፤ የቀኑ ሙቀት እንዳያመልጥ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጣውላ ላይ አስቀምጡ። ጥቁሩ ሽፋንም ትንሽ ሙቀት ይይዝላችኋል። ጠዋት ግን መጋረጃውን ክፈቱ፣ እርጥበቱ ይውጣ። ካልከፈታችሁ ግራጫ ሻጋታ ይመጣል። ውሃም ጠዋት ብቻ፣ ከሥር። ቅጠሉ ረጥቦ አይደር።

ነጭ ዝንብ ይመጣባችኋል፣ አይቀርም። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ ግሪስ ቀብታችሁ ከተክሉ አናት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ወደ ቢጫ ትመጣና ትጣበቃለች። በየሳምንቱ ቁጠሩና መዝግቡ፤ ዳኞች መዝገብ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

መልስ፦ የሜሪላንዷ እናት

ሰላም እህቴ። ልጄ እዚህ አሜሪካ በኤፍኤፍኤ የአበባ ልማት ውድድር ቡድን ውስጥ ነች። ኤፍኤፍኤ በ1928 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካንሳስ ሲቲ ላይ የተመሠረተ የግብርና ተማሪዎች ድርጅት ነው። አራት ሆነው ይወዳደራሉ። ተክል በስሙ ይለያሉ፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳሉ፣ አበባ ያቀናጃሉ። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ደንበኛ ሆኖ ይመጣና ተማሪዋ ትሸጥለታለች። ምን እንደምትጠይቅ፣ እንዴት እንደምታዳምጥ ነጥብ አለው።

ልጄ ሳሎን ውስጥ እኔን ደንበኛ አድርጋ ለሳምንታት ተለማመደች። መጀመሪያ ላይ እንደቆምኩ «ይሄ 8 ዶላር ነው» አለችኝ። በኋላ ግን «የሚያስቀምጡት የት ነው? መስኮቱ ፀሐይ ያገኛል?» ማለት ጀመረች። ያን ጊዜ እኔም በእውነት መግዛት አማረኝ።

የትምህርት ቤታቸው ግሪን ሃውስ በፀደይ ይሸጣል፣ የእናቶች ቀን ሲቃረብ። እያንዳንዱ ፖት ላይ ትንሽ ወረቀት ይሰካሉ፦ ስሙ፣ ፀሐይ ወይስ ጥላ፣ በስንት ቀን ውሃ። እናንተም በአማርኛ በእጅ ጻፉት። የፖይንሴቲያው ላይ «ወተቱ ያሳክካል፣ ሕፃናት እንዳይነኩት» የሚለውን አትርሱ። ደንበኛን ማክበር ነው።

መልስ፦ አካውንታንቱ

ስለ ዋጋው። ብዙ ጊዜ ሒሳቡ የሚበላሸው የሞተው ተክል ሳይቆጠር ሲቀር ነው። ለምሳሌ ለ120 ፖት 4,800 ብር አወጣችሁ እንበል። አንዱ 40 ብር ወጣበት ትላላችሁ። ግን 20ው ሞተ ወይም ለሽያጭ አልሆነም። ለሽያጭ የቀረው 100 ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ወጪ 48 ብር ነው። በ45 ብትሸጡት አተረፍን እያላችሁ ትከስራላችሁ።

የጉልበት ሰዓታችሁንም ጻፉ። ክፍያ ባይኖረውም ይጻፍ። አንድ ደብተር፣ አንድ ጸሐፊ፤ የገንዘብ ያዡ ግን ሌላ ሰው ይሁን። ደረሰኝ የሌለው የአሸዋ ግዢ እንኳ ቀኑና የሻጩ ፊርማ ይኑረው። ከ6,000ው ቢያንስ 1,000 ብር ሳትነኩ አቆዩ፤ ፕላስቲክ ይቀደዳል፣ መኪና ያስፈልጋል።

ጠያቂ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ቅዳሜና እሑድ ማንም አይመጣም፤ እኔ ብቻዬን ነው የማጠጣው። ጭቅጭቅም አልፈልግም።

መልስ፦ ጋሽ ችግኝ

ልጄ፣ አትጨቃጨቂ፣ ግን ዝምም አትበይ። የተራ ዝርዝር በር ላይ ለጥፊ፤ አጠጥቶ የሄደ ሰው ይፈርምበት። ያንቺ ፊርማ ብቻ ተደርድሮ ሲያዩት ራሳቸው ይመጣሉ። ካልመጡም ለመምህሩ የምታሳይው ወረቀት አለሽ። ጥቁሩን ሽፋን ደግሞ ብቻሽን አትያዥው። ማታና ጠዋት ነው፣ 70 ቀን ነው፣ አንድ ሰው አይችለውም። ግቢው ውስጥ የሚያድሩትን ሁለቱን መድቢ።

ጠያቂ

እሺ ጋሼ። ሁለቱ ዶርም ያሉት እሺ ብለዋል። ዛሬ ከሰዓት 40ውንም አናታቸውን ቆነጠጥን፤ 38ቱ ጥሩ ናቸው፣ ሁለቱ ግንዳቸው ከሥር ስለጠቆረ አውጥተን ጣልናቸው። ደብተሩ ላይ «ኪሳራ 2» ብለን ጽፈናል። የጥብስ ቅጠሉን ነገ ከአንዲት እናት ግቢ ልንቆርጥ ነው፤ ሲደርስ አንድ ፖት እንሰጥዎታለን ብለናቸው ተስማምተዋል።

መልስ፦ አካውንታንቱ

ለእናትየው የምትሰጡትንም ፖት ወጪ ላይ ጻፉት።