ሪቻርድ ቦልስን ያነበበ አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከሥራ ከተቀነስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ጓደኛዬ «የፓራሹትህ ቀለም ምንድን ነው?» የሚለውን የቦልስን መጽሐፍ አንብብ እያለ ነዘነዘኝ። ሰውየው ማነው? የ1970 መጽሐፍ (በፈረንጅ) ዛሬ ምን ይሠራልኛል?

መልስ፦ ሰውየው ራሱ ከሥራ የተቀነሰ ነው! ሳን ፍራንሲስኮ ቄስ ነበር፣ በ1968 በጀት አነሰ ተብሎ ተሰናበተ። መጽሐፉንም መጀመሪያ በራሱ ነው ያሳተመው፣ ያውም እንደሱ ሥራ ላጡ ቄሶች።

መልስ፦ አርጅቷል ብለህ አትስጋ፤ በ2017 በ90 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ሲያድሰው ነው የኖረው። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን በአበባ ሥዕል ላይ የሚሞላ መልመጃ እንዳትዘለው። ችሎታህን፣ የምትፈልገውን ደሞዝ፣ አብረውህ እንዲሠሩ የምትመርጣቸውን ሰዎች እየለየህ ትሞላለህ። ጊዜ ይበላል ግን።

መልስ፦ ሲቪ ከመበተን ሰው አናግር ይላል። እኛ ጋ ሲሆን «ዘመድ ፈልግ» መስሎኝ ስቄ ነበር፣ ለካ ሌላ ነው፤ ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጠይቀህ ተረዳ ማለቱ ነው።