ልብና ሳንባ ባንድ ቀን ይሰራ ወይስ ተራ በተራ?

የጣና ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ማታ እድር ላይ ስንጨቃጨቅ አመሸን። ጋሼ በልጅነታቸው በቶንሲል መዘዝ የመጣው የልብ ችግር ሚትራል ቫልቩን (በልባቸው ውስጥ ያለውን የደም በር) አጥብቦት ሊቀየር ምርመራ ሲጀመር ሲቲ ስካኑ ቀኝ ሳንባ ላይኛው ክፍል እብጠት አሳየ፣ ከእብጠቱ ተቆንጥሮ ሲመረመር (ባዮፕሲ) ካንሰር ሆነ፣ እስካሁን ሌላ ቦታ አልታየም። እኔ ባንዴ ይገላገሉ ባይ ነኝ፣ አንድ ማደንዘዣ አንድ አይሲዩ፣ አዲስ አበባም ሁለቴ መመላለስ የለ

ቀበሌ 11፦ ባንዴ ይገላገሉ ስትል ከነፍሳቸውም እንዳይሆን 😂 ልብ ሲሰራ ደሙ በማሽን ነው የሚዞረው፣ እንዳይረጋ ሄፓሪን በብዛት ይሰጣል፣ እዛ ላይ ሳንባ ቆርጠህ ደሙን ማን ያቆመዋል?

ነርሷ፦ እሱማ እውነት ነው ግን ቅደም ተከተል አለው። አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩ ይቀየርና ከማሽኑ ወጥተው ሄፓሪኑ በማርከሻው በፕሮታሚን ከከሸፈ በኋላ ነው ወደ ሳንባው የሚኬደው። ደረት መሀል ለመሀል ሲከፈት ቀኝ ሳንባ ይገኛል፣ ልብ የሚጋርደው የግራውን ታችኛ ነው፣ እሱ ቢሆን እኔም ለየብቻ ነበር የምል

ቀበሌ 11፦ ማሽኑ የሰውነት መከላከያ ያዳክማል ካንሰሩ ይሰራጫል የሚባለውስ

ነርሷ፦ ስጋት ነው እንጂ አልተረጋገጠም። ለየብቻ ካልክ የቱ ይቅደም? ሳንባው ቢቀድም የጠበበው ልብ ላይችለው ይችላል፣ ልቡ ቢቀድም እስኪያገግሙ ሳምንታት ይሄዳል ካንሰሩ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በዛ ላይ የብረት ቫልቭ ከገባ እድሜ ልክ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው፣ ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን ብታቆመው ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል ባታቆመው ይደማል። በ70 አመታቸው የቲሹው ይሻላቸዋል፣ የልብ ምታቸው ካልተዛባ ዋርፋሪኑም እድሜ ልክ አይሆንም

የጣና ልጅ፦ ቲሹ ማለት የአሳማ አይደል እንዴ? ጋሼን ታውቂያቸው የለ

ነርሷ፦ የከብትም አለ ኧረ 😂

አባይ ማዶ፦ ቆይ ሁላችሁም ባንዴና በሁለቴ ላይ ተጣብቃችኋል፣ ዋናው ከሳንባው ምን ያህል ይቆረጣል ነው። ትንሽ ቁራጭ ከሆነ ባንዴ ይሞከር፣ ሙሉ ሳንባ ይውጣ ከተባለ ግን ባንዴ የሚለውን እርሱት። ጋሼ ፔዳ መታጠፊያ ሳይደርሱ ሁለቴ ቆመው ነው ትንፋሽ የሚሰበስቡት፣ እሱ የልቡ ይሁን የሳንባው ማን ለይቶ ነገረን? ትንፋሻቸው በመሳሪያ ተለክቷል?

የጣና ልጅ፦ አልተለካም መሰለኝ

አባይ ማዶ፦ በል መጀመሪያ ይለካ፣ እስከዛ ያዋጣኋትን 500 ብር እንዳትነኳት