ሴክሶሎጂካል ቦዲወርክ፦ ብቁ ባለሙያ በምን ይታወቃል? (ካሊፎርኒያ)

ነዋሪ_ኦክላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ካሊፎርኒያ «የተመሰከረልን ሴክሶሎጂካል ቦዲወርከር ነን» ብለው የሚያስተዋውቁ ሰዎች አሉ። በትንፋሽ፣ በእንቅስቃሴና በእጅ ንክኪ ሰው ገላውን እንዲያውቅ፣ ሕመሙና መደንዘዙ እንዲቀልለት እናስተምራለን ይላሉ። ንክኪው የመራቢያ አካልንም ሊጨምር ይችላል። የግርዛት ወይም የወሊድ ስፌት ጠባሳ ያለባት፣ በግንኙነት ጊዜ የሚያማት ሴት እነሱ ዘንድ ከመሄዷ በፊት ምን ማጣራት አለባት? ሰርተፊኬታቸውስ ምን ያህል ይታመናል? በዝርዝር የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሕግና_ጤና፦

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰርተፊኬቱ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሙያውን የጀመረው ጆሴፍ ክሬመር ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በነበረ የወሲብ ጥናት ተቋም በኩል ሥልጠናው በ2003 የስቴቱን ዕውቅና አገኘ። ማስታወቂያዎቹ ይህን «ስቴቱ ያወቀው ሙያ» እያሉ ያቀርቡታል፤ ዕውቅና ያገኘው ግን የትምህርት ፕሮግራሙ ነው። ካሊፎርኒያ ለቦዲወርከር የሥራ ፈቃድ አይሰጥም፣ የሚቆጣጠረው ቦርድም የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ብታጠፋ አቤቱታዬን ማን ይቀበላል?» ነው። ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ቢያጠፋ ቦርዱ ፈቃዱን ሊነጥቀው ይችላል። ሌላ ፈቃድ የሌለው ቦዲወርከር ላይ ግን፣ ነገሩ ወንጀል ሆኖ ፖሊስ ዘንድ ካልደረሰ በቀር፣ አቤቱታ የሚቀበለው የቦዲወርከሮቹ የሙያ ማኅበር ብቻ ነው። ማኅበሩ ከአባልነት ቢሰርዘውም በማግስቱ ሥራውን ከመቀጠል አያግደውም። የነርስነት ወይም የፊዚዮቴራፒ ፈቃድ ደርቦ የያዘ ሰው የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ግልጽ ነው፦ ባለሙያው ልብሱን አያወልቅም፤ እሱ ይነካል እንጂ ደንበኛዋ እሱን አትነካም፤ የመራቢያ አካል ሲነካ ጓንት ይደረጋል። ከእነዚህ አንዷን «እኔ ዘንድ አሠራሩ ለየት ይላል» ብሎ ካለፋት ቀጠሮ አይያዝ።

የማሳጅ ሰርተፊኬት መተማመኛ አይሆንም፤ የካሊፎርኒያ የማሳጅ ሕግ የመራቢያ አካል ማነቃቃትን ይከለክላል። ሴክስ ቴራፒስት ደግሞ የሚሠራው በንግግር ነው፤ ልብስ አያስወልቅም፣ ገላ አይነካም። «ሴክስ ቴራፒስት ነኝ» ብሎ ንክኪ የሚያቀርብ ካለ እሱን መተው ነው። ሌላ ስቴት ለምትኖሩ ደግሞ፣ በክፍያ የሚደረግ እንዲህ ያለ ንክኪ በብዙ ቦታ ከሴተኛ አዳሪነት ሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

የዳሌ_ፊዚዮ፦

በተጠየቀው ሁኔታ ላይ ላለች ሴት መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም፣ ቀጥሎ የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛንና ማህፀንን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ) ላይ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው የሚቀድመው። ሕመሙ ከጠባሳው ሊመጣ ይችላል፤ ከኢንፌክሽን፣ ከብልት ድርቀት ወይም ከኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ) ሊመጣም ይችላል። ሕመም የፈራ ጡንቻ ሳይነካ ቀድሞ የሚጨመደድበት ጊዜም አለ። መንስኤው ሳይለይ ማሸት ጡንቻውን የበለጠ ሊያስፈራው ይችላል።

ከግንኙነት በኋላ ደም፣ ትኩሳት፣ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ጠባሳው ላይ የሚያድግ እብጠት ካለ ሐኪም ሳያይ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ። ግርዛቱ ተሰፍቶ ሽንትና የወር አበባ በችግር የሚወጣ ከሆነ የሚከፈተው በሠለጠነ ሐኪም ቀዶ ጥገና ነው፤ በዘይትና በእጅ አይከፈትም። ይህን «እኔ አላላዋለሁ» የሚል ሰው አደገኛ ነው። የወሊድ ስፌት ከሆነ ቢያንስ 6 ሳምንት አልፎ ሐኪሙ ቁስሉ መዳኑን ማረጋገጥ አለበት።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄዶ ለ45 ቀን ወይም ለ12 ቀጠሮ መታከም ይቻላል፤ ከሁለቱ ቀድሞ በሞላው ይቆማል። ኢንሹራንሱ ግን ሪፈራል ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድሞ መደወል ነው። ፈቃዱን በስሙ ፈልጎ በስቴቱ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። ሁሉም ፊዚዮቴራፒስት የውስጥ ምርመራ ስለማይሠራ «የዳሌ ወለል ተጨማሪ ሥልጠና ወስደዋል? የተገረዘች ሴት አክመው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን» ብላችሁ ጠይቁ። ባል ወይም ልጅ ሲያስተረጉም ሴትየዋ ግማሹን ትውጠዋለች።

ጓንትና_ዘይት፦

አንዲት ነገር ልጨምር። ጠባሳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀባው የጉሎ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ሌቴክስን (የተፈጥሮ ጎማን) ያበላሻል። ጓንቱ ኒትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) መሆኑን ጠይቁ፤ ሌቴክስ ለሚያሳክከውም ሰው የሚሻለው እሱ ነው። ፊንጢጣ የነካ ጓንት ወደ ብልት አይመለስም፣ ይቀየራል። ዘይቱ ክንድ ላይ ትንሽ ተቀብቶ 24 ሰዓት ቢታይ ጥሩ ነው። በዚያው ቀን የሌቴክስ ኮንዶም መጠቀም የለም፣ ሊቀደድ ይችላል።

ነዋሪ_ኦክላንድ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪሙም ፊዚዮዋም ካዩዋት በኋላ አሁንም ቦዲወርከር ከፈለገች፣ የመጀመሪያው ቀን ምን መምሰል አለበት?

ሕግና_ጤና፦

ከመክፈሏ በፊት 15 ወይም 20 ደቂቃ በስልክ ያነጋግራት። ከዚያ በጽሑፍ፦ ሕመም፣ ወሊድ፣ ቀዶ ጥገና፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ያለፈ ጥቃት። የዕለቱ ዓላማ፣ የሚነካውና የማይነካው ቦታም ይጻፍ። የ10 ቀጠሮ ክፍያ ባንድ ጊዜ የሚጠይቅን ወይም «አድንሻለሁ» የሚልን ተዉት። ጓደኛዋ ክፍሉ ውስጥ እንድትቀመጥ ብትፈልግ እሺ ማለት አለበት።

ጠንቃቃ ባለሙያ የመጀመሪያውን ቀን ልብስ ሳይወልቅ በትንፋሽና «አቁም» በማለት ልምምድ ያሳልፈዋል። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ስላለ ይህ ልምምድ ከሁሉም ይበልጣል። እጁን ክንዷ ላይ ያሳርፍ፣ እሷ «አቁም» ትበል። እጁ ወዲያው፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ከተነሳ ጥሩ። «ትንሽ ብቻ ታገሺ» ካለ ተነስታ ትውጣ። ወደ አዲስ ቦታ በተሻገረ ቁጥር እንደገና ይጠይቅ። ዝም ካለች፣ ትንፋሿን ከያዘች ወይም ዓይኗ ከፈዘዘ ደግሞ «አቁም» እስክትል ሳይጠብቅ ራሱ ማቆም አለበት። ይህን እንዴት እንደሚለይ በስልኩ ላይ ጠይቁት፤ የሠለጠነበት ሰው ወዲያው ይመልሳል።