የሌንሱ ግማሽ ሲሸፈን ምስሉ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ የጨረር ንድፎችን (ብርሃን በሌንስ በኩል የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳዩ ሥዕሎችን) ሳይሳሳቱ ይሥላሉ፤ ነገር ግን የሻማ ነበልባል ምስል በሌንስ አማካይነት በነጭ ወረቀት ላይ አሳይቻቸው፣ የሌንሱን የላይኛውን ግማሽ በካርቶን ብሸፍነው ምን እንደሚሆን ስጠይቃቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የምስሉ ግማሽ ይጠፋል ብለው መለሱልኝ። ይህን የተሳሳተ ግንዛቤ እንዴት ላርመው?

መልስ 1፦ ስሕተቱ የእነርሱ ብቻ አይመስለኝም፤ እኛው በሰሌዳ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጨረሮችን ብቻ ስለምንሥል፣ ምስሉን የሚፈጥሩት እነዚያ ብቻ ይመስሏቸዋል። ከእያንዳንዱ የነበልባሉ ነጥብ የሚወጣው ብርሃን ግን የሌንሱን ገጽ በሙሉ ይሸፍናል፤ የምንሥላቸው ጨረሮች የተመረጡት አቅጣጫቸውን ለማወቅ ስለሚቀሉ ነው። ስለዚህ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ሌንሱን የሚሞሉ ዐሥር ያህል ጨረሮችን እንዲሥሉ፣ ከዚያም ግማሾቹን እንዲሰርዙ ያድርጉ። የቀሩት አሁንም ከሌንሱ ባሻገር በዚያው የምስል ነጥብ ላይ ይገናኛሉ።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ካርቶኑ ከመቀመጡ በፊት ግን ግምታቸውን በጽሑፍ ያስፍሩ። የትኩረት ርቀቱ (ትይዩ ጨረሮች ሌንሱን አልፈው የሚገናኙበት ርቀት) 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰብሳቢ ሌንስ ካለዎት፣ ሻማውን ከሌንሱ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ያቁሙት፤ በወዲያኛው በኩል፣ በዚያው ርቀት፣ መጠኑ እኩል የሆነ የተገለበጠ ምስል ያገኛሉ። የሌንሱ ግማሽ ሲሸፈን ምስሉ ሙሉ እንደሆነ ይቆያል፤ ድምቀቱ ብቻ ይቀንሳል።