ቺፍስ ከኢግልስ፦ የእሁዱ ሱፐር ቦውል የት ላይ ነው የሚወሰነው?

ሚኪ_ሲልቨር (ረቡዕ፣ ጥር 28፣ 2017)

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ የካቲት 2 ኒው ኦርሊንስ ላይ በአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ፣ በሱፐር ቦውል፣ የካንሳስ ሲቲው ቺፍስና የፊላደልፊያው ኢግልስ ይገናኛሉ። ቺፍስ በመደበኛው ውድድር 15 አሸንፎ 2 ተሸንፏል፤ ኢግልስ ደግሞ 14 አሸንፎ 3 ተሸንፏል። የሚወራው ሁሉ ስለ ቺፍሱ ኳስ ወርዋሪ (ኳርተርባክ) ማሆምስና ስለ ኢግልሱ ሯጭ ባርክሊ ነው። ኳሱን ብቻ እየተከተለ ለሚያይ ሰው ዋናው ትግል የቱ ጋ እንዳለ የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው ሩብ ዓይኔን የት ላድርግ? አዲስ አበባ ያሉትስ ስንት ሰዓት ይነሱ?

አምስቱ_ከፊት

ወንድሜ፣ ማሆምስ ኳሷን ከመሃለኛው ሲቀበል ለሦስት ሰከንድ እሱን ተወውና በግራው በኩል ያሉትን ሁለቱን ሰዎች እይ፤ 62 ቁጥር ጆ ቱኒና 66 ቁጥር ማይክ ካሊየንዶ። ለእኔ ጨዋታው የሚወሰነው እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱኒ በሙያው ጋርድ ነው፤ ከመሃለኛው አጠገብ ቆሞ የሚከላከል፣ በቦታው ከሊጉ ምርጦች አንዱ። ዘንድሮ ግን ቺፍስ የግራ ታክል (ከጋርዱ ውጭ ጫፍ ላይ የሚከላከል) አጣ። ሞሪስና ሱአማታያ ተሞከሩ፣ አልሆነም። ሃምፍሪስ መጣ፣ ወዲያው የጭኑ ጡንቻ ተጎዳ። ስለዚህ ከታኅሣሥ ጀምሮ ቱኒን ወደ ጫፍ አወጡትና በእሱ ቦታ ካሊየንዶን አስገቡ። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላ ከፈቱ ማለት ነው፤ ከሊጉ ምርጥ ጋርዶች አንዱን ከቦታው አንስተው፣ በክንዱ እጥረት ጫፍ ላይ የሚቸገር ታክል አደረጉት። ጫፍ ላይ ደግሞ ክንድ ወሳኝ ነው። አጥቂው (ወርዋሪውን ሊጥል የሚመጣው) ደረትህን ቀድሞ ከያዘ እግርህ የትም አይደርስም።

አሁን ከፊታቸው ማን እንደሚቆም ተመልከት። ውስጥ ካሊየንዶ ላይ የኢግልሶቹ 98 ቁጥር ጄለን ካርተርና 93 ቁጥር ሚልተን ዊሊያምስ፣ ጫፍ ላይ 19 ቁጥር ጆሽ ስዌትና ኖላን ስሚዝ። ካርተርን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። መሃለኛው ሃምፍሪ ካሊየንዶን ሊረዳ ወደ ግራ ባዘነበለ ቁጥር ቱኒ ጫፍ ላይ ብቻውን ይቀራል።

የኢግልስ የመከላከል አሠልጣኝ ቪክ ፋንጂዮ ብሊትዝ (ተጨማሪ ሰው ወደ ወርዋሪው መላክ) ላይ ቁጥብ ነው። አራት ሰው ብቻ ልኮ ሰባቱን ከኋላ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ ሴፍቲዎች (የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች) ርቀው ስለሚቆሙ ረጅሙ ኳስ ይዘጋል። ማሆምስን ብሊትዝ ብታደርገው ባዶ የቀረውን ቦታ ወዲያው ያገኘዋል። አራቱ ብቻ ከደረሱበት ግን የሚወረውርበት ባዶ ቦታ የለም። ዘንድሮ በመደበኛው ውድድር 36 ጊዜ ኳሱን እንደያዘ ተጥሏል፤ ከመጣ ጀምሮ ይሄን ያህል ተጥሎ አያውቅም።

ቺፍስ መድኃኒት አለው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ታይት ኤንዱን (የሚከላከልም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) ኖዋ ግሬይን ጫፍ ላይ አቁመው ስዌትን እንዲገፋላቸው ማድረግ ይችላሉ፤ ያኔ ኳስ የሚቀበል ሰው በአንድ ይቀንሳል። በአጭሩ ለኳስ ተቀባዮቹ ለኬልሲና ለወርዚ ቶሎ መልቀቅ ይችላሉ፤ ያኔ ደግሞ 80 ያርድ በ4 በ4 ያርድ መቆራረስ አለባቸው፣ አንድ ቅጣት ከመጣ ሦስተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመሄድ ካላቸው አራት ሙከራ ሦስተኛው) ላይ 12 ያርድ ይቀራቸዋል። ኢግልስ በመደበኛው ውድድር ጥቂት ያርድ በመፍቀድ ከሊጉ 1ኛ የሆነውም ተጋጣሚን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እየጣለ ነው።

ሰፊው_ሜዳ

አምስቱ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን አትርሱ። ኢግልስ ያን ዓመት 70 ሳክ (ወርዋሪውን ኳሱን እንደያዘ መጣል) ይዞ አሪዞና ገባ፤ ማሆምስን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጥለው 38 ለ 35 ተሸነፈ። ሣሩ ያዳልጥ ነበር፣ አጥቂዎቹ ጫፍ ላይ ሲታጠፉ እግራቸው ይከዳቸው ነበር። የኒው ኦርሊንሱ ስታዲየም ጣሪያ ያለው ነው፣ ወለሉም ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ ዘንድሮ ያ ሰበብ የለም።

የእኔ ዓይን ያለው በሌላው በኩል ነው። ሴኩዋን ባርክሊ በመደበኛው ውድድር 2,005 ያርድ ሮጧል፤ 2,000 ካለፉት 9ኛው ነው። በጥሎ ማለፉ ደግሞ 119፣ 205 እና 118፣ በድምሩ 442። ሁለቱ ሲደመሩ 2,447 ይሆናል። ቴሬል ዴቪስ በፈረንጆች 1998 የያዘው 2,476 ነው፤ ስለዚህ 30 ያርድ ከሮጠ ክብረ ወሰኑ የእሱ ነው። እሁድ ደግሞ 28 ዓመት የሚሞላው ዕለት ነው።

የቺፍሱ የመከላከል አሠልጣኝ ስፓኞሎ ይሄንን ቁጥር እያወቀ ዝም አይልም። ስምንት ሰው ወደ ፊት ሊያመጣ ይችላል ብዬ እጠብቃለሁ። ባርክሊን ስትከላከል የሚያጠፋህ አማካዩ አይደለም። አሥር ጊዜ 2 ያርድ ላይ ትይዘዋለህ፤ በ11ኛው አንድ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) የሚጠብቃትን ቀዳዳ በግማሽ እርምጃ ትቶ ሲወጣ 60 ያርድ ይሄዳል። ከራምስ ጋር በበረዶ ላይ 62 እና 78 ያርድ የሮጠው እንዲሁ ነው። ስለዚህ 32 ቁጥር ኒክ ቦልተንንና ሴፍቲውን 20 ቁጥር ጀስቲን ሪድን እዩ። ሪድ ከመስመሩ 8 ያርድ ግድም ቀርቦ ከቆመ፣ ቺፍስ ሩጫውን ማቆም መርጦ የኢግልሶቹን ኳስ ተቀባዮች ኤ. ጄ. ብራውንንና ዴቮንታ ስሚዝን ለአንድ ለአንድ ትቷቸዋል ማለት ነው።

ያኔ ጥያቄው የኢግልሱ ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ ላይ ይወድቃል። ሰዎች እግሩን እንጂ ክንዱን አያምኑም፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ፍጻሜ 70 ያርድ ሮጦ ሦስት ታችዳውን (ኳሷን ከመጨረሻው መስመር ማሳለፍ) ራሱ አስቆጥሯል፣ መወርወሩንም አሳይቷል። ያጠፋው አንድ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ኳሷን ሲጥላት ቦልተን አንስቶ 36 ያርድ ሮጦ አገባት። ጨዋታው በ3 ነጥብ ነው ያለቀው።

ሚኪ_ሲልቨር

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ያ ኸርትስን ከኋላ እየገፉ የሚገቡበት ጨዋታስ? ቺፍስ የቡፋሎውን ቢልስ በዚያው አቁሞ የለ? ፊላደልፊያንም ያቆማል?

አምስቱ_ከፊት

አንድ ዓይነት አይደሉም። ቢልስ ደጋግሞ ወደ ግራ ይሄድ ስለነበር ቺፍስ ሰዎቹን እዚያ አከማችቶ በአራተኛው ሩብ ኳርተርባካቸውን ጆሽ አለንን አራተኛ ዳውን ላይ አቆመው። ኢግልስ ግን የግራ ታክሉ 68 ቁጥር ጆርዳን ማይላታ ነው፤ አውስትራሊያዊ፣ ቀድሞ ራግቢ ተጫዋች፣ ከ2 ሜትር በላይ ቁመትና 165 ኪሎ። በቀኝ ሌን ጆንሰን አለ። ኸርትስም እግሩ ጠንካራ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ነው የሚገፋው፤ ከላይ የሚመጣ ተከላካይ የሚይዘው ነገር አያገኝም። እኛ የዋሽንግተን ሰዎች አይተነዋል፦ የእኛው ተከላካይ ሉቩ ኳሷ ሳትነሳ ከመስመሩ በላይ ደጋግሞ ዘሎ፣ በመጨረሻ ዳኛው «ከቀጠላችሁ ነጥቡን እሰጣቸዋለሁ» ብሎ አስጠነቀቀ። ያ ጨዋታ 55 ለ 23 አለቀ።

ስለዚህ ቺፍስ መከላከል ያለበት አራተኛውን ዳውን ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ኢግልስን ሦስተኛ ዳውን ላይ 2 ያርድ ከተውክለት፣ ሁለት ጊዜ ገፍቶ ያገኛታል።

ሰፊው_ሜዳ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቺፍስ ዘንድሮ በመደበኛው ውድድር በ8 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ያለቁ 11 ጨዋታዎችን ሁሉ አሸንፏል። መጨረሻው ሁለት ደቂቃ ላይ ልዩነቱ 3 ከሆነ እኔ ማሆምስን ነው የምመርጠው። የኢግልሱ መቺ ጄክ ኤሊየት ከ50 ያርድና ከዚያ በላይ ዘንድሮ ከ7 ሙከራ ያገባው 1 ብቻ ነው፤ አጨዋወታቸው 35 ያርድ መስመር አካባቢ ከቆመ ይቸገራሉ። ስለዚህ ኢግልስ ማሸነፍ ያለበት ቀድሞ ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሩብ። ቀድሞ ከመራ ቺፍስ ሩጫውን ይተዋል፣ ያኔ ካርተርና ስዌት ያለ ስጋት ይመጣሉ። እንዲህ ከሆነ ልዩነቱ ሰው ከሚገምተው በላይ ይሰፋል።

ሰዓቱ በዋሽንግተን (በፈረንጅ አቆጣጠር) ምሽት 6:30 ነው፤ በአዲስ አበባ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8:30። ዕረፍቱ ከወትሮው ስለሚረዝም እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አልፎ ይሄዳል፤ ሰኞ ሥራ ያለው ቀደም ብሎ ይተኛ።

አምስቱ_ከፊት

የዓርቡን የጉዳት ዝርዝር እዩት። የኢግልስ መሃለኛ ካም ጀርገንስ ጀርባውን ታሟል፣ ጋርዱ ዲከርሰንም ካለፈው ጨዋታ በጉዳት ነው የወጣው። ሁለቱም ከገቡ ግምቴ ኢግልስ ነው። ጀርገንስ ከቀረና ዲከርሰን ወደ መሃል ከተዛወረ ግን የቺፍሱ ተከላካይ ክሪስ ጆንስ፣ 95 ቁጥር፣ የቆመበትን ጎን ፈልጉ፤ ስፓኞሎ በየጨዋታው ቦታውን እየለዋወጠ ደካማው ሰው ላይ ነው የሚያቆመው።