ፉቱር ፕሮሽ፦ ፋርማሲስቷ «ቩዛሌ» ስትለኝ እያዘዘችኝ ነው?

ሊዮን_ያለችው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዴልፍ ኤ2 የሚባለውን የፈረንሳይኛ ፈተና ልፈተን ነው። ማለፊያው ከ100 50 ነው፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ25 ቢያንስ 5 ያስፈልጋል። እኔን ያስጨነቀኝ የቃል ፈተናው ነው።

የፉቱር ፕሮሽ፣ «የቅርብ የወደፊት ጊዜ» የሚባለው፣ አሠራሩ ገብቶኛል። አሌ (መሄድ) የሚለውን ግስ በአሁን ጊዜ አረባለሁ፣ ዋናውን ግስ ሳላረባ ከኋላው አስከትላለሁ። ዠ ቬ ማንዤ (ልበላ ነው)፣ ቱ ቫ ማንዤ፣ ኢል ቫ ማንዤ፣ ኑዛሎን ማንዤ፣ ቩዛሌ ማንዤ፣ ኢል ቮን ማንዤ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ግራ የገባኝ አጠቃቀሙ ነው። መጽሐፉ «በቅርቡ ለሚሆን ነገር» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚገዛው ቤት በዚሁ ነው የሚያወራው። ባለፈው ደግሞ ፋርማሲ ሄጄ፣ ሴትዮዋ አንቲባዮቲኩን እያሳየችኝ «ቩዛሌ ለ ፕራንድር ማቴን ኤ ስዋር» አለችኝ። ጠዋትና ማታ ይወስዱታል ነው ወይስ ይውሰዱት? አሌ የማይገባበት ሌላው የወደፊት ጊዜ፣ ፉቱር ሴምፕልስ መቼ ነው የሚመጣው?

የማርሴይ_ወጥ_ቤት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ «ቅርብ» የሚለውን ስም እርሺው። ግራ ያጋባሽ እሱ ነው። ፉቱር ፕሮሽ በካላንደር አይለካም። ጥያቄው ነገሩ ከአሁን ጋር ተያይዟል ወይ ነው። ተወስኗል? ምልክቱ ይታያል? እንግዲያው አሌ ነው። ባልደረባሽ ቤቱን የሚገዛው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሆንም ልቡ ቆርጧል፣ ምናልባት ብር ማጠራቀምም ጀምሯል።

እኔ የምሠራው ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እሳት ላይ ያለ ሶስ ጠርዙ መጥቆር ሲጀምር የሚጮኸው ሰው «ሳ ቫ ብሩሌ!» ነው የሚለው። በፉቱር ሴምፕል «ሳ ብሩለራ» ቢል ሁላችንም ሶሱን ትተን እሱን ነው የምናየው። ሰሃን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሲደርስም «ሳ ቫ ቶምቤ!» ነው። በኛ ሊያር ነው፣ ሊወድቅ ነው እንደምንለው። ደመና አይተሽ «ሊዘንብ ነው» ስትዪ ኢል ቫ ፕለቭዋር። ቴሌቪዥን ላይ የአየር ትንበያ የሚያነበው ሰው «ነገ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል» ሲል ደግሞ ኢል ፕለቭራ፣ ፉቱር ሴምፕል።

ይህን «ሊ… ነው» መንገድ መጀመሪያ ያዢው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያደርስሻል። እስከ መጨረሻው ግን አትመኚው። «ኤል ቫ አቭዋር ኧን ቤቤ» ማለት ነፍሰ ጡር ናት ነው፤ ገና ሁለተኛ ወሯ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ልትወልድ ነው» ካልሽ ሰው ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል። «ኤል ኦራ ኧን ቤቤ» ደግሞ አንድ ቀን ትወልዳለች ነው፤ እስካሁን ባልም ላይኖራት ይችላል።

ፋርማሲስቷ አዛሻለች፣ ግን በለሰለሰ አነጋገር። ሐኪምም እንዲሁ ነው። መንገድ የሚያሳይሽም «ቩዛሌ ቱርኔ አ ድርዋት» ይልሻል፤ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ እንደማለት። ድምፁ ሲጠነክር ግን ልስላሴው የለም። እናት ልጇን «ቱ ቫ ተ ካልሜ!» ስትል ስለ ነገ እያወራች አይደለም፣ አርፈህ ተቀመጥ ነው።

አሁን ለፈተናው። አፍራሾቹ ነ እና ፓ አሌን ነው የሚያቅፉት፦ ዠ ነ ቬ ፓ ሶርቲር (ልወጣ አይደለም)። ሰዉ ሲያወራ ነ-ን ውጦ «ዠ ቬ ፓ» ይላል፤ አንቺ ስትጽፊ አትዋጪያት። መ፣ ተ፣ ለ፣ ልዊ የመሳሰሉት ትናንሽ ቃላት ደግሞ ቦታቸው ከሁለተኛው ግስ ፊት ነው። ዠ ቬ መ ለቬ (ልነሳ ነው)፣ ዠ ቬ ልዊ ዲር (ልነግረው ነው)። «ዠ መ ቬ ለቬ» የሚል ሐበሻ በየጊዜው እሰማለሁ፣ ጆሮ ይቆረቁራል።

ከካን (ሲሆን፣ በሚሆን ጊዜ) በኋላ ደግሞ አሌን ተያት። «ስደርስ እደውልልሻለሁ» ስትዪ ካን ዣሪቭሬ፣ ዠ ታፔልሬ። ሁለቱም ፉቱር ሴምፕል። እኛ «ስደርስ» ስለምንል በአሁን ጊዜ ካን ዣሪቭ ማለት ይቀናናል። እሱንም ተጠንቀቂ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ጋሼ የቃሉን ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ጽሑፉ ልጨምር። ማንዤ ሲባል ብትሰሚው አንድ ነው፣ ሲጻፍ ግን ብዙ መልክ አለው። እንደ ማንዤ ያለ ግስ ከአሌ በኋላ ሁልጊዜ መጨረሻው ኧ እና ኤር የሚባሉት ሁለት ፊደሎች ናቸው። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፣ ቴክስት ሲልኩ እያቸው።

ልጆቼ ከትምህርት ቤት ያመጡት ዘዴ አለ። ስትጠራጠሪ ግሱን አውጥተሽ ቫንድር (መሸጥ) የሚለውን ተኪበት፣ ያለፈው መልኩ ቫንዱ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰማል። ዠ ቬ ቫንድር ያስኬዳል፣ ዠ ቬ ቫንዱ አያስኬድም። ስለዚህ ያልረባው ግስ ነው የሚገባው። ትልቁ ልጄ አሁንም ዲክቴ ሲጽፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቫንድር ቫንዱ ይላል።

ሞንትሪያል፦

እዚህ ከመጣችሁ ጆሯችሁን አዘጋጁ። ዠ ቬ የሚለውን «ዥቫ» ሲሉት ትሰማላችሁ። «ማ ተ ዲር» የሚልም አለ፣ ልንገርህ ለማለት። ደግሞ አፍራሽ ሲሆን ወደ ፉቱር ሴምፕል ያዘነብላሉ። ኢል ቫ ፕለቭዋር ያለው ሰው፣ የማይዘንብ ሲመስለው ኢል ፕለቭራ ፓ ይላል። ፈተና ላይ «ዥቫ» እንዳትዪ ብቻ።

ሊዮን_ያለችው፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ ያለፈ ነገር ሲሆንስ? «ልወጣ ስል ደወለ» ለማለት ፈልጌ ዠ ስዊ ዛሌ ሶርቲር ልል ነበር።

የማርሴይ_ወጥ_ቤት፦

አሌን ኤምፓርፌ በሚባለው ያለፈ ጊዜ አድርጊያት፦ ዣሌ ሶርቲር ካን ኢላ አፕሌ። አሁን የጻፍሽው «ልል ነበር»ም በዚሁ ነው፣ ዣሌ ዲር። አንቺ በጻፍሽው በሌላው ያለፈ ጊዜ፣ በፓሴ ኮምፖዜ ግን ትርጉሙ ይጠፋል። ዠ ስዊ ዛሌ ማንዤ ካልሽ በእግርሽ ሄደሽ በልተሻል።