የ3 ዓመት ልጅ ራሱ እንዲለብስ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ልጄ ጠዋት «እኔ ልልበስ» ይልና መሃል ላይ ያለቅሳል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ከመጨረሻው ጀምሪ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አድርሺለት፤ ወደ ወገቡ የሚስበው እሱ ይሁን። ሲለምደው ከቁርጭምጭሚቱ ይጀምር። ማውለቅ ስለሚቀል ካልሲውን ማታ ማታ ራሱ ያውልቅ። የጫማ ክር ማሰር ግን ከ5 ዓመት በኋላ ይደርሳል።

መልስ 2፦ ሹራቡን የደረቱን በኩል ወደ ታች፣ የታችኛውን ጠርዝ ወደ እሱ አድርገሽ ወለሉ ላይ ዘርጊለት። በጠርዙ በኩል ጭንቅላቱን ሲያስገባ ፊትና ጀርባው አይዛባበትም። ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው ጥድፊያ ነውና 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ተነሱ።

መልስ 3፦ እህቴ፣ ሲያቅተው ቶሎ አትንጠቂው። በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪና «የቱ ጋ ያዘህ?» በይው። የተገለበጠ ካልሲ አይጎዳውም፤ ስታስተካክዪው ግን ሥራው የፈረሰበት ይመስለዋል። ያመመው ቀን አልብሺው።